የመቅኔ ንቅለ ተከላ ምርምር ጅማንም ይመለከታል፦ «የሀብታም አገር ሕክምና» ለተሰኘው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በቅርቡ ጅማ ውስጥ በጤና ሙያ ላይ ባለን ሰዎች ዘንድ እጅ ለእጅ ሲዘዋወር የሰነበተውን «የሀብታም አገር ሕክምና» የተሰኘ ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩት። ጽሑፉ የሚነሣው የአጥንት መቅኔ ንቅለ ተከላን ለደም ካንሰር ሕክምና ካበቁት ተመራማሪዎች ግንባር ቀደም የሆኑትን የአሜሪካዊውን ሐኪም የዶክተር ዶናል ቶማስን ሥራ ለተማሪዎቻችን ማስተማር ተገቢ ነው ወይ ከሚል ጥያቄ ሲሆን፣ የሚደርስበትም ድምዳሜ ተገቢ አይደለም የሚል ነው። ጸሐፊው አምስት ምክንያቶችን ይደረድራሉ። ሥራው ሞት በተቃረባቸው ሕሙማን ላይ የተደረገ ቁማር ነበር ይላሉ፤ መቅኔ መስጠት ለጋሹን ሽባ ወይም መካን ያደርጋል ይላሉ፤ ሕክምናው የሚያስፈልገው ሰው ውጭ አገር ሄዶ በዚያው ካሉ የለጋሾች መዝገቦች ተስማሚ ሰው ሊያገኝ ስለሚችል እኛ ልንደክምበት አይገባም ይላሉ፤ የጂን ሕክምና ስለመጣ ዘዴው ጊዜው አልፎበታል ይላሉ፤ በመጨረሻም ወባ ሰው በሚገድልበት አገር ስለዚህ ማውራት ቅንጦት ነው ብለው ይደመድማሉ።

ጸሐፊው ለድሃው ሕመምተኛ ያላቸው ተቆርቋሪነት ከጽሑፋቸው ሁሉ ይነበባል፤ በዚህ ላይ ልዩነት የለንም። እኔ የደም ምርመራ ላቦራቶሪ ውስጥ የምሠራና ተማሪዎችንም የማስተምር ሰው ነኝ፤ ሉኪሚያ (የደም ካንሰር) የያዘው ልጅ ደም በማይክሮስኮፕ ሥር ምን እንደሚመስል፣ ውጤቱን ለወላጅ መንገርም ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ። ይህን ምላሽ የምጽፈው በተለይ ስለ ለጋሾች የተባለው ነገር ሳይታረም ቢቀር ሰው ይጎዳል ብዬ ስለማምን ነው። ይሁን እንጂ በቅደም ተከተሉ ልሂድ።

ጸሐፊው እ.ኤ.አ. በ1957 የታተመውን የዶክተር ቶማስንና የባልደረቦቻቸውን ጥናት ጠቅሰው፣ ጨረርና ኬሞቴራፒ ከወሰዱ በኋላ በደም ሥራቸው መቅኔ የተሰጣቸው ስድስት ሕሙማን በሙሉ መሞታቸውን ጽፈዋል። ይህ እውነት ነው። ያልጻፉት ግን በዚያ ዘመን አጣዳፊ ሉኪሚያ የያዘው ሰው በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ይሞት እንደነበር ነው። የቦስተኑ ሐኪም ሲድኒ ፋርበር እ.ኤ.አ. በ1948 አሚኖፕቴሪን በተባለ መድኃኒት የሕፃናትን ሉኪሚያ ለጊዜው መግታት እንደሚቻል አሳይተው ነበር፤ በሽታው ግን ብዙም ሳይቆይ ያገረሽ ነበር። የ1957ቱ ጥናት የጠየቀው ሕመምተኛው ይድናል ወይ ብሎ ብቻ አልነበረም። ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ ነበረው፦ ከአንድ ሰው አጥንት የተቀዳ መቅኔ በሌላው ሰው ደም ሥር ቢገባ አደጋ ሳያስከትል ወደ አጥንቱ መድረስና እዚያ መያዝ ይችላል ወይ? ከስድስቱ መካከል በጥቂቶቹ ላይ ለአጭር ጊዜም ቢሆን መያዙ ታየ። ከዚህ ተነሥቶ ነው የቀረው ሁሉ የተሠራው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር «ቁማር» የሚለውን ክስ ውድቅ ለማድረግ ይበቃል። የለጋሹ ሕዋሳት የተቀባዩን ቆዳ፣ ጉበትና አንጀት እንደ ባዕድ ቆጥረው ማጥቃታቸው የብዙ ሕሙማንን ሕይወት ስለቀጠፈ፣ በ1960ዎቹ አብዛኛው ተመራማሪ ዘዴው አይሠራም ብሎ ትቶት ነበር። ዶክተር ቶማስ በተቃራኒው ከተመሳሳይ መንታ ውጭ በሆነ ሰው መቅኔ በሰው ላይ መሞከራቸውን ገታ አድርገው ለዓመታት ወደ ውሾች ጥናት ተመለሱ። ፈረንሳዊው ዣን ዶሴ እ.ኤ.አ. በ1958 በነጭ የደም ሕዋሳት ላይ ያገኙት መለያ፣ ዛሬ ኤችኤልኤ የምንለው፣ ቀስ በቀስ እየታወቀ ሲመጣ፣ ዶክተር ቶማስ በአሜሪካ ሲያትል ከተማ የሚመሩት ቡድን ከአንድ እናት በአንድ ጊዜ የተወለዱና መለያቸው የሚገጥም ውሾች ሜቶትሬክሴት የተባለ መድኃኒት ተጨምሮላቸው ንቅለ ተከላውን ተቋቁመው ለዓመታት እንደሚኖሩ አሳየ። ወደ ሰው የተመለሱት ይህ በእጃቸው ከገባ በኋላ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም መለያቸው ከሚገጥም ወንድምና እኅት በተወሰደ መቅኔ ብቻ። ሞት አይቶ ቆም ያለ፣ ምክንያቱን መርምሮ ያገኘ፣ ካገኘም በኋላ በጥንቃቄ የቀጠለ ሰው ቁማርተኛ ሊባል አይገባውም።

እ.ኤ.አ. በ1977 ቡድኑ ሌላ መድኃኒት ሁሉ ተሞክሮ ያልሠራላቸውን 100 የአጣዳፊ ሉኪሚያ ሕሙማን ውጤት አሳተመ። ከእነዚህ ውስጥ 13ቱ ከአንድ ዓመት እስከ አራት ዓመት ተኩል ከበሽታው ነፃ ሆነው በሕይወት ነበሩ። ጸሐፊው ይህን ቁጥር የጠቀሱት ሰማንያ ሰባቱ ሞተዋል ለማለት ነው። እኔ ደግሞ ተማሪዎቼን ሁለት ነገር እንዲያስተውሉ እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ያለ ንቅለ ተከላው ከመቶው አንድም ይተርፋል ተብሎ የሚጠበቅ አልነበረም። ሁለተኛ፣ ተመራማሪዎቹ እነዚያ 13 ሰዎች ከዳኑ ሰውነቱ ያልደከመ፣ በሽታውም ለጊዜው የጠፋለት ሕመምተኛ ቀደም ብሎ ቢታከም የተሻለ ውጤት ይኖራል ብለው አሰቡ፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጡት ጥናትም በሽታው ለመጀመሪያ ጊዜ በጠፋበት ወቅት ንቅለ ተከላ ከተደረገላቸው የአጣዳፊ ማይሎይድ ሉኪሚያ ሕሙማን ከግማሽ የሚበልጡት መኖራቸውን አሳዩ። ዶክተር ቶማስ እ.ኤ.አ. በ1990 የኖቤል ሽልማትን በኩላሊት ንቅለ ተከላ ከሚታወቁት ከጆሴፍ መሬይ ጋር የተካፈሉት በዚህ ሥራ ነው። እርሳቸው ባረፉበት እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ በዓለም ላይ የተደረገው የግንደ ሕዋስ (መቅኔ ውስጥ ያሉ፣ የደም ሕዋሳትን ሁሉ የሚያመነጩ ሕዋሳት) ንቅለ ተከላ አንድ ሚሊዮን ደርሶ ነበር።

በዚህ ነጥብ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ምክንያቱም ከዚህ ታሪክ ለጅማ ተማሪ ከሁሉ የሚጠቅመው ክፍል እዚህ ያለ ይመስለኛል። የሲያትል ሰዎች ከመቶው ሕሙማን እያንዳንዱ ምን እንደደረሰበት፣ ማን በስንተኛው ቀን በምን ምክንያት እንደሞተ ያውቁ ነበር፤ ያወቁትንም ሳይደብቁ ጽፈውታል። እኛ ዘንድ ከቦንጋ ወይም ከሚዛን ወገን የመጣ፣ በሕፃናት ላይ በብዛት የሚታየው አጣዳፊ ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ ያለበት ልጅ የመጀመሪያውን ዙር ኬሞ ወስዶ ደሙ ይስተካከልና ፊቱ ይመለሳል፤ ወላጁም ዳነልኝ ብሎ ይዞት ይሄዳል። ከዚያ የቡና ለቀማ ይደርሳል፣ የመኪና ኪራይ ይጠፋል፣ ቀጠሮው ያልፋል፤ ካርዱ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ልጁ ይኑር ይሙት ብዙ ጊዜ የሚያውቅ የለም። በሀብታም አገሮች የዚህ ዓይነት ሉኪሚያ ከያዛቸው ሕፃናት ከመቶው ወደ ዘጠና የሚጠጉት የሚድኑት በአዲስ ተአምር አይደለም፤ ቪንክሪስቲን፣ ሜቶትሬክሴት፣ አስፓራጂኔዝ፣ መርካፕቶፒዩሪንና ፕሬድኒሶሎን በትክክለኛው ቅደም ተከተል ሁለት ዓመት አልፎም ሦስት ዓመት ሳይቋረጡ ስለሚሰጡ ነው። የዶክተር ቶማስን ሥራ የማስተምረው፣ አንድን ሕመምተኛ እስከ መጨረሻው መከታተል የሕክምናው አካል እንጂ የካርድ ክፍል ሥራ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ ስላላገኘሁ ነው።

አሁን ወደ ለጋሾቹ ልምጣ። ጸሐፊው መቅኔ የሚወሰደው ከአከርካሪ ነው፣ ለጋሹም ሽባ ወይም መካን ሊሆን ይችላል ብለዋል። ሁለቱም ስሕተት ናቸው፤ ስሕተት መሆናቸውንም በግልጽ መናገር ግዴታዬ ነው።

ለንቅለ ተከላም ሆነ ለምርመራ መቅኔ በአብዛኛው የሚቀዳው ከዳሌ አጥንት የኋላ ጠርዝ ነው፤ ህብለ ሰረሰር ካለበት የራቀ ቦታ ነው። ለምርመራ ሲሆን የማየው ይህን ይመስላል፦ ሕመምተኛው በጎኑ ይተኛል፣ ሐኪሙ በአውራ ጣቱ የአጥንቱን ጉብታ ዳስሶ ያገኛል፣ ቆዳው በአዮዲን ይጸዳል፣ የማደንዘዣው ሊዶኬይን እስከ አጥንቱ ሽፋን ድረስ ይወጋል። ከዚያ ወፍራሙ መርፌ እየተሽከረከረ ይገባና ሐኪሙ ድንገት መላላቱ እጁ ላይ ይታወቀዋል። በሲሪንጅ ሲስብ ሕመምተኛው ለአፍታ ጭምቅ የሚያደርግ ሕመም ይሰማዋል። እኛ አጠገቡ የቆምነው የላቦራቶሪ ሰዎች የተቀዳውን ሳይረጋ ፈጥነን ስላይድ ላይ ጠብ እናደርጋለን፤ ስላይዱን ዘንበል ስናደርገው ደሙ ይወርድና ነጫጭ ፍርፋሪ ይቀራል። መቅኔው ያ ፍርፋሪ ነው።

አንድ ጊዜ ከዳውሮ የመጡ አባት ልጃቸው ለዚህ ምርመራ ሲዘጋጅ፣ «ዶክተር፣ ከዚህ በኋላ ሽባ ይሆናል ይሉኛል፤ እውነት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «የለም አባቴ፣ መርፌው ከጀርባው ነርቭ ጋ አይደርስም» ብዬ በራሳቸው ዳሌ ላይ ቦታውን እንዲነኩት አደረግሁ። ነክተው ካረጋገጡ በኋላ ነው የፈቀዱት። እንዲህ ያለው ፍርሃት በየሰፈሩ እንዳለ እየታወቀ በተማረ ሰው እጅ ተጽፎ ሲደገም ምን ያህል እንደሚከብድ ጸሐፊው ይገምቱልኝ።

ለንቅለ ተከላ የሚለግስ ሰው ሙሉ ማደንዘዣ ይሰጠዋል፤ የሚወሰደውም መቅኔ አንድ ሊትር ገደማ ሊሆን ይችላል። ለቀናት፣ አንዳንዴም ለጥቂት ሳምንታት ወገቡ ይሰማዋል፣ ይደክመዋልም። ሰውነቱ የተወሰደውን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይተካል። ዛሬ ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ሁለተኛው መንገድ ደግሞ ማደንዘዣም አያስፈልገውም፦ ለጋሹ ፊልግራስቲም የተባለውን መድኃኒት ለአራት ወይም ለአምስት ቀን ከቆዳው ሥር ይወጋል፣ ግንደ ሕዋሳቱ ከመቅኔው ወጥተው ወደ ደሙ ይገባሉ፣ ከአንድ ክንዱ የሚወጣው ደም በማጣሪያ መሣሪያ አልፎ የሚፈለገው ሕዋስ ተለይቶ ሲቀር ሌላው ተመልሶ ይገባለታል። በእነዚያ ቀናት አጥንቱን ይቆረጥመዋል፣ ራሱን ሊያመው ይችላል፤ መድኃኒቱ ሲቆም ይተወዋል። ከባድ ጉዳት የሚደርስበት ለጋሽ እጅግ አልፎ አልፎ ስለሚያጋጥም እያንዳንዱ ለጋሽ አስቀድሞ መመርመር አለበት፤ ይህንንም አልደብቅም።

መካንነትን በተመለከተ ጸሐፊው የተቀባዩን ችግር ለለጋሹ የሰጡት ይመስለኛል። ከንቅለ ተከላው በፊት ከፍተኛ ኬሞቴራፒ ወይም የመላ ሰውነት ጨረር የሚወስደው ሕመምተኛው ነው፤ እርሱ ወይም እርሷ ከዚያ በኋላ ልጅ መውለድ ሊያቅታቸው ይችላል፤ ይህም አስቀድሞ በግልጽ ሊነገራቸው የሚገባ ከባድ ዋጋ ነው። ለጋሹ ግን ኬሞም ጨረርም አይነካውም። ወንድሙን ለማዳን ፈቃደኛ የሆነ ወጣት ገና ሳያገባ መካን ትሆናለህ ከተባለ ቤተሰቡ ሁሉ ይከለክለዋል፤ ቢከለክሉትም አልፈርድባቸውም፤ ጥፋቱ ያለው የተሳሳተውን ነገር ባቀበላቸው ሰው ዘንድ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ፣ ማለትም የውጭ መዝገብ ለጋሽ ይሰጠናል የሚለው፣ በቁጥር ሲታይ አይቆምም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የአሜሪካ የለጋሾች መዝገብ ጥናት እንደሚያሳየው የአውሮፓ ዝርያ ያለው ሰው በመዝገቡ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚገጥመው ለጋሽ የማግኘት ዕድሉ 75 ከመቶ ገደማ ሲሆን፣ የአፍሪካ ዝርያ ላለው ሰው ከ20 ከመቶ በታች ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው፦ በመዝገቦቹ የገቡት አፍሪካውያን ጥቂቶች ናቸው፤ የአፍሪካ ሕዝብ የዘር መለያም ከሌላው ዓለም ሁሉ ይበልጥ የተለያየ ስለሆነ ከማያውቁት ሰው ጋር መግጠም ይከብዳል። ስለዚህ ከከፋ ወይም ከኢሉባቦር የሄደ ሰው በዚያ መዝገብ ላይ ተስፋውን ሁሉ ቢጥል ለአብዛኛው አይሆንለትም።

የእኛ ሕሙማን ያላቸው ሀብት ሌላ ነው፤ ጸሐፊውም ጨርሰው አላነሱትም። አንድ ሰው የኤችኤልኤ መለያውን ግማሹን ከአባቱ፣ ግማሹን ከእናቱ ስለሚወስድ፣ የአንድ አባትና የአንድ እናት ልጆች ሙሉ በሙሉ የመገጣጠም ዕድላቸው ለእያንዳንዱ ወንድም ወይም እኅት ከአራት አንድ ነው። አንድ ወንድም ብቻ ያለው ሕመምተኛ 25 ከመቶ ዕድል አለው፤ አራት ቢኖሩት ቢያንስ አንዱ የመግጠም ዕድል ወደ 68 ከመቶ፣ ስድስት ቢኖሩት ወደ 82 ከመቶ ይደርሳል። ጅማ ገጠር ውስጥ አምስትና ስድስት ወንድምና እኅት ያለው ሰው ብርቅ አይደለም። አውሮፓ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ልጅ ያለው ቤተሰብ በመዝገብ የሚፈልገውን ለጋሽ የእኛ ሰው ከማዕዱ ዙሪያ ሊያገኘው ይችላል። በዚህ ላይ በባልቲሞር የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች ሳይክሎፎስፋሚድ የተባለውን መድኃኒት ከንቅለ ተከላው በኋላ በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን በመስጠት በግማሽ የሚገጥም ለጋሽም እንዲሠራ አድርገዋል። በግማሽ የሚገጥሙት ደግሞ እናት፣ አባትና ልጆች ሁሉ ናቸው። ሳይክሎፎስፋሚድ የቆየና ከብዙዎቹ አዳዲስ መድኃኒቶች ጋር ሲነጻጸር ርካሽ መድኃኒት ነው፤ ወደ እርሱ ኋላ እመለሳለሁ።

የሚችል ሕንድ ይሂድ የሚለውም እንደ መፍትሔ ብቻውን አይበቃም። ሰው የቡና መሬቱን ሸጦ፣ ዘመድ አዝማድ አዋጥቶለት ሄዶ ንቅለ ተከላውን ቢያገኝ ተመልሶ የሚኖረው እዚሁ ነው። የለጋሹን ሕዋሳት ጥቃት ለመከላከል የሚወስደው ሳይክሎስፖሪን የተባለ መድኃኒት በደሙ ውስጥ ያለው መጠን በየጊዜው መለካት አለበት። ትኩሳት በያዘው ሰዓት ለሌላ ሰው እንደሚደረገው እስኪ ይታይ ተብሎ ሊቆይ አይገባም። ደም ቢያስፈልገው በጨረር የታከመ ደም ነው ሊሰጠው የሚገባው። በልጅነቱ የወሰደው ክትባት ጥበቃው ስለሚጠፋ ሁሉንም እንደ አዲስ መከተብ አለበት፤ ሕያው ተሕዋስያን ያሉባቸው ክትባቶች ደግሞ በተለምዶ ሁለት ዓመት ሳይሞላ አይሰጡም። ቆዳው ቢቆጣ፣ ዓይኑ ቢደርቅ፣ ተቅማጥ ቢጀምረው፣ የለጋሹ ሕዋሳት እያጠቁት መሆኑን የሚጠረጥር ሐኪም ያስፈልገዋል። ያንን ሐኪም ማን ያስተምረው? ጸሐፊው እንደሚሉት ይህን ትምህርት ከክፍላችን ብናስወጣው፣ ንብረቱን ሁሉ ከፍሎ የዳነው ሰው በራሱ አገር የሚረዳው አጥቶ ይሞታል።

የጂን ሕክምና ዘዴውን አስረጅቶታል ለሚለው መልሴ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ አሜሪካ ለማጭድ ሕዋስ በሽታ (ቀይ የደም ሕዋስ እንደ ማጭድ የሚጣመምበት የዘር በሽታ) የፈቀደችው የመጀመሪያው የጂን አርትዖት ሕክምና ራሱ የግንደ ሕዋስ ንቅለ ተከላ ነው፦ የሕመምተኛው ሕዋስ ይሰበሰባል፣ በላቦራቶሪ ይታረማል፣ የቀረው መቅኔ ቡሱልፋን በተባለ የኬሞ መድኃኒት ይጸዳል፣ የታረመው ይመለስለታል። ዋጋው ሁለት ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ ዶላር ተብሎ ወጥቷል። ንቅለ ተከላውን ውድ ነው ብሎ የሚተው ሰው ይህን መጠበቁ አይገባኝም። ጸሐፊው ሊጠቅሱት ይችሉ የነበረው የተሻለ ምሳሌ ኢማቲኒብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 የተፈቀደው ይህ ኪኒን ሥር የሰደደ ማይሎይድ ሉኪሚያን ከንቅለ ተከላ ዋነኛ ምክንያቶች አንዱ ከመሆን አውጥቶ በቤት በሚዋጥ መድኃኒት ለዓመታት የሚያዝ በሽታ አድርጎታል፤ በአገራችንም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በእርዳታ መርሐ ግብር ለሕሙማን ሲሰጥ ቆይቷል። ነገር ግን ይህም የሚያሳየው የትኛው ሕመምተኛ ኪኒን፣ የትኛው ንቅለ ተከላ እንደሚያስፈልገው ለይቶ የሚያውቅ ሰው አስፈላጊ መሆኑን ነው።

ቀሪው ወባ እያለ ስለ ደም ካንሰር ማውራት ቅንጦት ነው የሚለው ነው። ይህ ከሁሉ ይበልጥ ልብ የሚነካ፣ ነገር ግን ከሁሉ ይበልጥ የተሳሳተ ክርክር ነው። ወባ የሚፈለግበት ማይክሮስኮፕና ሉኪሚያ የሚገኝበት ማይክሮስኮፕ አንድ ነው። በጅማ ዞን በየጤና ጣቢያው በየቀኑ ለወባ የደም ቅብ ይዘጋጃል። ትኩሳት ያለበት፣ የገረጣ፣ ድዱ የሚደማ ልጅ ደሙ ይታያል፤ ተውሳክ ካልተገኘ ውጤቱ «የለም» ተብሎ ይጻፋል፣ ልጁም የወባም የታይፎይድም መድኃኒት በየተራ ሲወስድ ይከርማል። በዚያው ስላይድ ላይ ትልልቅ፣ አስኳላቸው (ኒውክሊየሳቸው) ለስላሳና ሰፊ የሆነ፣ በዙሪያቸው ጥቂት ሰማያዊ ብቻ ያላቸው ነጫጭ ሕዋሳት ታጭቀው ሊሆን ይችላል። ያየው ባለሙያ የሚፈልገው ተውሳክ ብቻ ስለሆነ አልፏቸው ይሄዳል። ሉኪሚያን ያስተማርነው ባለሙያ ግን ቆም ብሎ ልጁን ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ይልካል። ተማሪዎቻችን ወደ ማኅበረሰቡ ወጥተው እንዲማሩ ማድረግ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚታወቅበት ነገር ነው፤ ይህን እውቀት ወደ ጤና ጣቢያዎቹ ማድረስ ከዚያ ልማድ ጋር የሚሄድ ነው።

በሽታዎቹ ራሳቸውም ጸሐፊው እንዳሰቡት የተለያዩ አይደሉም። የበርኪት ሊምፎማ የሚባለው የሕፃናት ካንሰር እጅግ በርትቶ የሚታየው ወባ በጸናባቸው የአፍሪካ አካባቢዎች ነው። ይህን ያገኙት ዴኒስ በርኪት ሀብታም አገር ላይ ሆነው አልነበረም። ካምፓላ ውስጥ የሚሠሩ ቀዶ ሐኪም ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1958 ስለ መንጋጋ እባጩ ከጻፉ በኋላ በ1961 በአሮጌ መኪና 10,000 ማይል ያህል ተጉዘው ሆስፒታል ለሆስፒታል እየዞሩ በሽታው የት እንዳለና የት እንደሌለ ጠየቁ። ለሕፃናቱም ከሰጧቸው መድኃኒቶች አንዱ ሳይክሎፎስፋሚድ ነበር፤ በጥቂት መርፌ እባጩ የጠፋላቸው ልጆች ነበሩ። ከላይ ያነሣሁት፣ በባልቲሞር በግማሽ የሚገጥመውን ንቅለ ተከላ ያስቻለው መድኃኒት ይኸው ነው። ዩጋንዳ ውስጥ በወባ አገር የተሰበሰበ እውቀትና በአሜሪካ የተደረገ የመቅኔ ምርምር በአንድ መስመር ላይ ናቸው፤ አንዱን የድሃ፣ ሌላውን የሀብታም ብሎ መክፈል ታሪኩን አያውቀውም።

ጸሐፊው አንድ ነገር ላይ ትክክል ናቸው፤ ወጪው። የንቅለ ተከላ ክፍል በነገው ዕለት ጅማ ውስጥ ይከፈት የሚል ሰው ቢኖር እኔም እቃወመዋለሁ። ገና የቀደሙ ሥራዎች አሉን። የመጀመሪያው ደም ነው። ኬሞ የወሰደ ልጅ የሚሞተው ብዙ ጊዜ በካንሰሩ ሳይሆን ደምን የሚያረጋው ፕላትሌት አንሶት ሲደማ ወይም ነጭ ደሙ አልቆ በኢንፌክሽን ነው። ፕላትሌት ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ሳያቋርጥ እየተነቃነቀ አምስት ቀን ገደማ ብቻ ይቆያል፤ ስለዚህ እንደ ቀይ ደም ለአንድ ወር ከማቀዝቀዣ ሊቀመጥ አይችልም፣ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይም ሁልጊዜ በሰዓቱ ይደርሳል ብሎ መተማመን ያስቸግራል። እዚሁ የሚለግስ ሰው፣ እዚሁም ደሙን በሰዓታት ውስጥ የሚከፋፍል ላቦራቶሪ ይፈልጋል። ሁለተኛው የኬሞ መድኃኒቶቹ ሳይቋረጡ መገኘት ነው። ሦስተኛው የኢንፌክሽን ቁጥጥርና የባክቴሪያ ምርመራ ነው። እነዚህ ሦስቱ ያለ እነርሱ ንቅለ ተከላ የማይታሰብባቸው ናቸው፤ ንቅለ ተከላ ፈጽሞ ለማያስፈልገው ልጅ፣ በወሊድ ለምትደማ እናትና በአደጋ ለተጎዳ ሰውም ሕይወት ናቸው። ለንቅለ ተከላ መዘጋጀት ማለት በአብዛኛው እነዚህን ማሟላት ማለት ስለሆነ፣ የጸሐፊው የቅንጦት ክስ በተግባር የሚያርፍበት ቦታ አይታየኝም።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ደረጃም የማይደረስበት አይደለም። ማይሎማ ለተባለው የመቅኔ ካንሰርና ለአንዳንድ ሊምፎማዎች (የሊምፍ ዕጢ ካንሰሮች) የሚደረገው ንቅለ ተከላ ከሕመምተኛው ከራሱ በተሰበሰበ ሕዋስ ስለሆነ ለጋሽ አያስፈልገውም፤ አልጄሪያንና ሜክሲኮን በመሳሰሉ አገሮች ያሉ ሐኪሞችም የተሰበሰበውን ሕዋስ በፈሳሽ ናይትሮጅን ሳያቀዘቅዙ በአራት ዲግሪ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለጥቂት ቀናት አቆይተው፣ በመካከሉ ሜልፋላን የተባለውን የኬሞ መድኃኒት ሰጥተው መመለስ እንደሚቻል አሳይተዋል። ደቡብ አፍሪካ፣ ግብፅ፣ ቱኒዚያ፣ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያና ታንዛኒያ ንቅለ ተከላ አድርገዋል። በአገራችንም የኩላሊት ንቅለ ተከላ አይታሰብም ሲባል ኖሮ በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀምሯል።

ጸሐፊው ስለ ወጪው፣ ስለ ቅደም ተከተሉም የሚሉትን ሁሉ ለመስማትና ለመከራከር ዝግጁ ነኝ። ስለ ለጋሾች የጻፉትን ግን ጽሑፋቸው በተዘዋወረበት መንገድ ሁሉ እንዲያርሙት አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ በተለይ መካን ያደርጋል የሚለውን። ማስረጃውን አብረን ለማየት ፈቃደኛ ከሆኑ ላቦራቶሪው ክፍት ነው፤ መቅኔ ሲቀዳም ቆመው ሊያዩ ይችላሉ። ጽሑፉን ያነበበ፣ ወንድሙ ወይም እኅቱ በደም ካንሰር የታመመበት ሰው ካለ ደግሞ ስለ መለገስ ከመወሰኑ በፊት የሚያክማቸውን ሐኪም በቀጥታ ይጠይቅ።